ዝግ ያለ እሳት፤ ስለ ከባዱ የብረት ድስትና ስለ ኤሌክትሪኩ ማሰሮ

በአገራችን ባልትና ወጥ የሚባለው ምግብ ከእሳት ብዛት ይልቅ የጊዜ ብዛት የሚያበስለው ነው። ሽንኵርቱ ሳይቸኵል ይቍላላል፤ በርበሬው ጥሬነቱ እስኪጠፋ ድረስ ውሃ ጠብ እየተደረገበት ይበስላል፤ ሥጋው ወይም ክኩ ከዚያ በኋላ ይገባና ድስቱ ተከድኖ ይተዋል። ይህን ሁሉ ሲያስችል የኖረው የሸክላ ድስት ነው። ሸክላ ሙቀትን ቀስ ብሎ ይቀበላል፤ ከተቀበለም በኋላ ቀስ ብሎ ይለቃል። እሳቱ ከሥሩ ሲጐድል ወጡ ወዲያው አይቀዘቅዝም፤ እሳቱ ሲበረታም ወዲያው አያርም።

ዛሬ ግን በብዙ የከተማ ቤቶች፥ ይልቁንም በባሕር ማዶ በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ፥ የሸክላው ድስት ከምድጃ ወርዷል። አንዳንድ ቤት ለጌጥ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይታያል። በቦታው የገባው ስስ የአልሙኒየም ድስት ቶሎ ይሞቃል፥ ለማጠብ ይቀላል፥ ዋጋውም አይከብድም፤ ስለዚህ ልንነቅፈው አንፈልግም። ነገር ግን ስስ በመሆኑ እሳት የነካው ቦታ ብቻውን ይግልና ሽንኵርቱን ከሥር ያሳርረዋል፥ ከላይ ጥሬውን ይተወዋል። የቤቱ እመቤት ማማሰያዋን ይዛ ከምድጃው አጠገብ ሳትነቃነቅ መቆም ይኖርባታል። ይህ በአዘቦት ቀን ድካም ብቻ ነው። በፋሲካ ዋዜማ ግን ከድካምም ያለፈ ነገር ይሆናል፤ ቤተ ሰቡ ሁሉ ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፥ ሃምሳ አምስቱን ቀን አብራ የጾመችው እናት ከዶሮው ጋር እቤት ትቀራለች።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በዘመድ ስጦታም በግዢም ሁለት ዐይነት የማብሰያ ዕቃዎች ወደ ቤታችን እየገቡ ነው። አንዱ ካስት አይረን የሚባለው ከባድ ጥቁር የብረት ድስት ሲሆን፥ ሁለተኛው ስሎው ኩከር የሚባለው በኤሌክትሪክ ቀስ ብሎ የሚያበስል ማሰሮ ነው። ብዙዎቹ ሁለት ሦስት ጊዜ ተሞክረው ወደ ቁም ሣጥን ሥር ሲወረወሩ እናያለን። ብረቱ «ይዝጋል፥ ያጣብቃል» ተብሎ፥ ማሰሮው ደግሞ «ወጡን ቅቅል ያስመስለዋል» ተብሎ ይተዋል። ሁለቱም ክሶች እውነትነት አላቸው። ነገር ግን የሸክላው ድስት ለብቻው ይሠራው የነበረውን ሥራ እነዚህ ሁለቱ ተካፍለው ሊሠሩት ይችላሉ፤ ችግሩ የሚመጣው የአንዱን ሥራ ለሌላው ስንሰጥ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ እንነጋገር። በእኛ ቤት «ብረት ድስት» ሲባል ሸክላ ያልሆነው ሁሉ፥ ይልቁንም አልሙኒየሙ ማለት ነው። ቡና የምንቈላበትም ብረት ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከስስ ቆርቆሮ ብረት የተቀጠቀጠ ነው። እዚህ የምንናገርለት ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ብረት ቀልጦ፥ በአሸዋ በተሠራ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ፥ ወፍራም ሆኖ የሚወጣው ዕቃ ነው። በውስጡ ከመቶ 2 እስከ 4 እጅ የሚሆን ካርቦን ስላለበት ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው፤ ከእጅ አምልጦ በሲሚንቶ ወለል ላይ ቢወድቅ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቻይናውያን ይህን ጥበብ ከጌታችን ልደት አስቀድሞ ያውቁት ነበር። በእንግሊዝ አገር አብርሃም ዳርቢ የተባለው ሰው በአሸዋ ቅርጽ የብረት ድስት ለማውጣት እ.ኤ.አ. በ1707 የፈጠራ መብት ተቀበለ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ብረቱን በእንጨት ከሰል ፋንታ ኮክ በሚባለው የድንጋይ ከሰል ማቅለጥ ስለ ጀመረ ዕቃው እየረከሰ ሄዶ በድኻው ምድጃ ላይ ሳይቀር ተቀመጠ።

የዚህ ብረት ጠባይ ወደ ሸክላው ይቀርባል። ለመሞቅ ይዘገያል፤ ከሞቀ በኋላ ግን ሙቀቱን አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ባዶውን በኃይለኛ እሳት ላይ ጥዶ ወዲያው ሽንኵርት መጨመር ስሕተት ነው። በመካከለኛ እሳት ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቀስ እያለ ይሙቅ፤ ከዚያም እሳቱ ዝቅ ይደረግለት። እንዲህ ከተደረገ ሽንኵርቱ ያለ ዘይት እንኳ ወዙን እየለቀቀ፥ በየሦስት በየአራት ደቂቃው አንድ ጊዜ እየተማሰለ፥ ሳያር ወደ ቡናማነት ይለወጣል።

አሁን ዋናው ነገር ወደሆነው ወደ ማሟሸቱ እንለፍ። «ያጣብቃል፥ ይዝጋል» የሚለው ክስ ሁሉ የሚመጣው ካልተሟሸ ብረት ነው። በዚህ ጉዳይ የእኛ እናቶች ከማንም ይልቅ ባለሙያዎች ናቸው ለማለት እንደፍራለን፤ አዲስ የሸክላ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ እንደማያወጣ፥ በየጊዜውም በተወቀጠ የጐመን ዘር መታሰስ እንዳለበት ያልተማረች ጋጋሪ የለችምና። ብረቱም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ዘይት በጣም ስስ ሆኖ ተቀብቶ ሲግል፥ ከአየሩ ጋር እየተዋሐደ እርስ በርሱ ይያያዝና እንደ ቀለም ደርቆ ይቀራል። ይህ ጥቁርና ለስላሳ ሽፋን ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል፥ ምግቡም እንዳይጣበቅ ያደርጋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ድስቱ በሳሙና ታጥቦ በእሳት ላይ ጨርሶ ይድረቅ። ውስጡም፥ ውጩም፥ መክደኛውም፥ እጀታውም በዘይት ይቀባ፤ ከዚያ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ምንም ያልተቀባ እስኪመስል ድረስ ይወልወል። ወፍራም ዘይት የተረፈበት ብረት ሙጫ እየመሰለ ያጣብቃልና በዚህ ላይ መሰሰት አያስፈልግም። ከ200 እስከ 230 ዲግሪ በሚደርስ የዳቦ ምድጃ ውስጥ ተደፍቶ አንድ ሰዓት ይቈይ፤ እዚያው ይቀዝቅዝ። ሦስት ጊዜ ቢደገም መልካም ነው። ምድጃ የሌለው ቤት በቡታጋዝ ላይ፥ መስኮት ከፍቶ፥ ጢሱ እስኪያቆም ድረስ በዝግታ ሊያሟሸው ይችላል።

በየትኛው ዘይት ይሟሽ? እዚህ ላይ የኦርቶዶክሳዊ ቤት ጥያቄ ከሌላው ቤት ጥያቄ ይለያል። አንዳንድ ወይዛዝርት ያማረ መስሏቸው በቅቤ ያሟሹታል። ቅቤ በውስጡ የወተት ተረፈ ነገር ስላለበት ያርራል፥ ሽፋኑም ለስላሳና ቶሎ የሚሻግት ይሆናል፤ ከዚህም በላይ ድስቱ በጾም ቀን ለሽሮ የማይመች ሆኖ ይቀራል። የኑግ ዘይት፥ የተልባ ዘይት፥ የሱፍ አበባ ዘይት በጠባያቸው ቶሎ የሚደርቁ ናቸውና ለዚህ ሥራ ከቅቤ እጅግ ይበልጣሉ። በእኛ አስተያየት የኑግ ዘይት በቀላሉ ስለሚገኝ ቀዳሚው ነው፤ የተልባው ሽፋን ሲያዩት ያምራል፥ ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ እየተላጠ ያስቸግራል።

በባሕር ማዶ የሚኖሩ አንባብያን ልብ ሊሉት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። በአሮጌ ዕቃ ገበያ የሚሸጡ የቈዩ የአሜሪካ ብረት ድስቶች በጥራታቸው የተመሰገኑ ናቸው፤ ዋጋቸውም ይረክሳል። ሆኖም ብዙዎቹ በዘመናቸው የተሟሹትም፥ ሲጠበስባቸው የኖረውም በእሪያ ስብ ነው። እንዲህ ያለውን የገዛ ሰው የቀድሞውን ሽፋን እስከ ብረቱ ድረስ ማንሣት ይገባዋል። ለምድጃ ማጽጃ ተብሎ የሚሸጠውን ኃይለኛ አረፋ ነፍቶ፥ በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልሎ አንድ ሁለት ቀን ማሳደር፥ ከዚያም በጓንት ይዞ በሽቦ ማጠብ በቂ ነው። ብረቱ አመድማ መልክ ይዞ ሲወጣ ወዲያው ደርቆ እንደ አዲስ ይሟሻል። በትልቅ እሳት ላይ ጥዶ ማቃጠሉን ግን አንመክርም፤ ብረቱ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል።

ቅቤና ሥጋ የበሰለበት ብረት ድስት ታጥቦ ለጾም ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለውን የሕሊና ጥያቄ ለየቤቱ የንስሐ አባት እንተወዋለን። ከባልትና በኩል የምናውቀውን ብቻ እንናገር፤ የቅቤው መዓዛ በሽፋኑ ላይ ይቀራል፥ ሽሮውም ላይ ይወጣል። በብዙ ቤት የጾም ድስትና የፍስክ ድስት ተለይተው የሚቀመጡት ያለ ምክንያት አይደለም። አቅም የፈቀደለት ሁለት ይግዛ፤ አንዱንም በእጀታው ላይ ሽቦ አስሮ ይለየው። በአቅም ምክንያት አንድ ብቻ የሚገዛ ግን ለጾሙ ይግዛው ብንል ደስ ይለናል፤ በዓመት ውስጥ የበለጠውን ጊዜ የሚያበስለው እርሱ ነውና።

ለጾሙ የምንመርጠው በሌላም ምክንያት ነው። በብረት ድስት የበሰለ ምግብ ከድስቱ ጥቂት ብረት ይወስዳል፤ ይህም ለደም የሚያስፈልገው ማዕድን ራሱ ነው። ጉዳዩ በአገራችን በኢትዮጵያ በትንንሽ ልጆች ላይ ተጠንቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጥቷል። 407 ልጆች ተመርጠው የአንዳንዶቹ ቤት በብረት፥ የአንዳንዶቹም በአልሙኒየም ድስት እንዲያበስል ተደርጎ ለአንድ ዓመት ታዩ። በብረት ድስት ከበሰለው የበሉት ልጆች ደም ማነስ ከሌሎቹ ይልቅ ቀነሰ፤ በእድገታቸውም ተሻሉ። ሥጋ በማይቀርብበት ወራት ይህ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት፥ ለልጃገረዶችም ቀላል ነገር አይደለም። ይህን ስንል ድስቱ መድኃኒት ነው ማለታችን አይደለም፤ ደም ማነሱ የበረታበት ሰው ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። ብረት በሰውነቱ እየበዛ የሚያስቸግረው ሰው ደግሞ፥ እንዲህ ያለ ሕመም አለና፥ ይህን ድስት ይተው።

ብረቱን ከምግብ ጋር የሚያዋሕደው እርጥበትና ኮምጣጣነት ነው። ለዚህም ነው ቲማቲም የበዛበት ወጥ ገና በደንብ ባልተሟሸ ድስት ረጅም ሰዓት ሲፈላ ጣዕሙ ሳንቲም ሳንቲም የሚለው። ዶሮው በሎሚና በጨው ታሽቶ ከሆነም ወደ ድስቱ ሳይገባ በብዙ ውሃ መለቃለቅ አለበት። ኤናሜል የተለበጠው ዐይነት ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው፤ አይዝግም፥ መሟሸትም አይፈልግም፤ ነገር ግን ብረት አይሰጥም፥ ዋጋውም ከባድ ነው።

ከብረቱ ሥራዎች እኛን እጅግ ያስደሰተን የድፎ ዳቦው ነው። ድፎ በአገር ቤት ሲጋገር እሳት ከታችም ከላይም እንደሚደረግለት ይታወቃል፤ ሊጡ በኮባ ቅጠል ላይ ተዘርግቶ በሌላ ምጣድ ይከደንና ፍሙ ከላዩ ይጫናል። ክዳን ያለው ወፍራም የብረት ድስት በዳቦ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ይህንኑ ያደርጋል፤ ሙቀቱ ከስድስቱም ወገን ይመጣል፥ የሊጡም እንፋሎት ከውስጥ ታምቆ ልጡን ያሳምረዋል። የድስቱ ሥርና ዙሪያ ኮባ፥ ኮባ በሌለበት አገር የታጠበ የሙዝ ቅጠል ይነጠፍበት። በ190 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ይበቃዋል፤ የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃ ክዳኑን ማንሣት ነው። የሙዝ ቅጠል በእስያ ሰዎች ሱቅ ውስጥ በረዶ ሆኖ ይሸጣል።

ስለ አያያዙ በአጭሩ እንናገር። ውሃ ውስጥ አይደር። ጥቂት ሳሙና አይጐዳውም። ከታጠበ በኋላ በእሳት ላይ ይድረቅና ገና ሞቅ እንዳለ በጠብታ ዘይት ይታሰስ። በመስተዋት ምድጃ ላይ አይጐተት።

ኤሌክትሪኩ ማሰሮ ከዚህ የተለየ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ለእኛ ቤት የሚስማማ ሆኖ አግኝተነዋል። መሣሪያው የተፀነሰው ሥራ ለመቀነስ በተፈለገበት ፋብሪካ ውስጥ አይደለም። ኢርቪንግ ናክሰን የተባለው አይሁዳዊ አሜሪካዊ መሐንዲስ፥ እናቱ በሊቱዌንያ አገር በቪልና ከተማ ስለነበረው ልማድ ትነግረው ነበር። በዚያ አይሁድ በሰንበት እሳት ስለማያነድዱ፥ ባቄላውንና ሥጋውን፥ ገብሱንም በድስት አድርገው ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ሰፈሩ ዳቦ ቤት ይወስዱት ነበር። የዳቦው ምድጃ እሳቱ ጠፍቶ በቀረው ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ያበስለዋል፤ በማግሥቱ ከጸሎት ሲመለሱ ትኩሱን ወስደው ይበሉታል። ናክሰን ይህን አስቦ በዙሪያው የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያሞቀው ማሰሮ ሠራና እ.ኤ.አ. በ1940 የፈጠራ መብቱን አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1970 ራይቫል የተባለ ኩባንያ መብቱን ገዛው፤ በሚቀጥለውም ዓመት ክሮክ ፖት ብሎ ለገበያ አቀረበው። በመንገዳችን እናንሣውና፥ በአገራችን የኖሩት ቤተ እስራኤል በዚህ ነገር ከቪልና ሰዎች ይጠብቁ ነበር፤ ለሰንበት የሚበሉት ዓርብ የተዘጋጀውን ቀዝቃዛውን ምግብ ነበርና።

እንግዲህ ይህ ማሰሮ መጀመሪያውኑ የታሰበው በዓልን ለማክበር የቤት እመቤት ከእሳቱ እንድትርቅ ነው። ያም ሆኖ እናቶቻችን በቀላሉ አያምኑትም። ልጃቸውን ሊጠይቁ ወደ ባሕር ማዶ የሄዱ አንዲት እናት ማሰሮውን ሦስት ጊዜ ገልጠው ካዩ በኋላ፥ «ልጄ፥ እሳቱን ሳላየው እንዴት ብዬ ልመነው?» አሉ አሉ። ልጅቱም፥ «እማዬ፥ እርስዎ እየከፈቱት እኮ ነው ያልበሰለው» አለቻቸው። እውነቷን ነው፤ ክዳኑ አንድ ጊዜ በተነሣ ቍጥር የወጣውን ሙቀት ለመመለስ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል።

ማሰሮው የሚስበው ኃይል ከ200 እስከ 300 ዋት ያህል ነው፤ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከ3000 ዋት በላይ እንደሚወስድ ስናስብ ይህ እጅግ ጥቂት ነው። «ዝቅተኛ» እና «ከፍተኛ» የሚሉት ማዞሪያዎች መጨረሻ ላይ የሚያደርሱት ወደ ተቀራራቢ ሙቀት፥ ይኸውም ወደ መፍላት ጫፍ ነው፤ የሚለያዩት እዚያ ለመድረስ በሚወስዱት ጊዜ ነው። ክዳኑ እንፋሎቱን ስለማያስወጣ ውሃው አይጐድልም። ሽንኵርት በውስጡ ከነጥሬው ቢገባ የሚቀቀለውና ወጡን አልጫ ያልሆነ አልጫ የሚያደርገው ስለዚህ ነው። ቍላቱ ሁልጊዜ በብረቱ ድስት ላይ ተሠርቶ ያልቅ፤ ከዚያም ወደ ማሰሮው ይገልበጥ። የሚጨመረውም ውሃ ከለመድነው ግማሽ ያህሉ ይበቃል።

በጾም ወራት ማሰሮው ለምን እንደሚጠቅም የሰዓቱ አቈጣጠር ራሱ ይናገራል። ጠዋት በ2 ሰዓት ሥራ የምትሄድ እናት ቍላቱን ማታውኑ አዘጋጅታ፥ ማለዳ ከክኩና ከፈላ ውሃ ጋር አድርጋ ብትሄድ፥ በ9 ሰዓት ጾም ሲፈታ ምግቡ ደርሶ ይጠብቃል። ለጸሎተ ሐሙስ ጉልባንም ከዚህ የሚሻል ዕቃ አላየንም። ስንዴው ሌሊቱን ይዘፍዘፍ፤ የተከካው ባቄላ ቶሎ ስለሚበስል ስንዴው ግማሽ ከደረሰ በኋላ ይግባ።

ነገር ግን ስለ ቦሎቄ አጥብቀን እናስጠነቅቃለን። ቀዩ ቦሎቄ በጥሬነቱ ሆድን በኃይል የሚያውክ መርዝ አለበት፤ ይህ መርዝ የሚጠፋው በሚንተከተክ ውሃ ነው። በማሰሮው ዝግ ያለ ሙቀት ብቻ የበሰለ ቦሎቄ የለሰለሰ ቢመስልም መርዙ አይጠፋም፤ እንዲያውም ሊብስ ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ 5 ሰዓት ተዘፍዝፎ፥ የተዘፈዘፈበት ውሃ ተደፍቶ፥ በሌላ ውሃ በምድጃ ላይ 30 ደቂቃ እየተንተከተከ መፍላት አለበት። ከባሕር ወለል 2400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፥ እዚያ ለሚኖር ሰው ጊዜውን ማብዛት እንጂ ማሳጠር አይገባም። ከዚያ በኋላ ወደ ማሰሮው ቢገባ ምንም ክፋት የለበትም።

መብራት ለሚጠፋበት ሰፈርም አንድ ቃል አለን። ቤት ሆነን መብራት ቢጠፋ ምግቡን ወዲያው አውጥቶ በቡታጋዝ መጨረስ ነው። ከቤት ውጭ ውለን ስንመለስ ግን ማሰሮው ቀዝቅዞ፥ ወይም ሰዓቱ ብልጭ ብልጭ እያለ መብራቱ ጠፍቶ እንደነበረ ምልክት ካገኘን፥ ምግቡ የበሰለ ቢመስልም ይደፋ። ለብ ባለ ሙቀት የቈየ ሥጋ ሕመም ያመጣል፤ ያዘነ ሆድ ከታመመ ሆድ ይሻላል። በረዶ የሆነም ዶሮ ሳይቀልጥ ፈጽሞ አይግባ።

አሁን ወደ ፋሲካው ዶሮ እንመለስ፤ ይህን ሁሉ የጻፍነው ስለ እርሱ ነውና። ስቅለት ቀኑ የስግደት ነው፤ ሐሙስም የራሱ ሥራ አለው። ስለዚህ ቍላቱ በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ማታ በብረቱ ድስት ላይ ይሠራ ብለን እንመክራለን። ለአንድ ዶሮ እስከ ሁለት ኪሎ የሚደርስ ሽንኵርት በደቃቁ ተከትፎ በዝግታ ይቍላላ፤ በርበሬው በዘይት ጥሬነቱ እስኪጠፋ ይብሰል። ቅቤ ስላልገባበት ድስቱ በጾሙ እንደ ጸና ይቀራል፥ ቍላቱም በማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ ቅዳሜ ምንም አይሆንም።

በቀዳም ስዑር ከሰዓት በኋላ ዶሮው ተበልቶ፥ ታጥቦ ይዘጋጅ። ቍላቱ በሌላ ድስት ተንተክትኮ ሲፈላ ቅቤው፥ ነጭ ሽንኵርቱና ዝንጅብሉ ይግባበት፤ ብልቶቹም ጥቂት ከተገላበጡ በኋላ ሁሉም ወደ ማሰሮው ይገልበጥ። ጨዋሚቱ እናት በዚያ ሰዓት መቅመስ አትችልምና ጨዉ በማንኪያ ተለክቶ ይግባ፤ አሳንሶ መጨመሩ ይሻላል፥ የጐደለው ሌሊት ይሞላል። ማሰሮው ከመጋረጃና ከግድግዳ ርቆ በድንጋይ ወይም በብረት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፥ በቀጥታም ከግድግዳው ሶኬት ይሰካ፤ ከማራዘሚያ ገመድ ጋር መሄድ የለበትም። ከምሽቱ 12 ሰዓት በዝቅተኛው ላይ ተጥዶ፥ የአገር ዶሮ ከሆነ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ይደርሳል። ጅማታሙ ሥጋው ወደ ወዝ የሚለወጠው በዚህ ረጅም ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ማሰሮው ራሱ ወደ ማቈያው ሙቀት የሚመለስ ዐይነት ከሆነ ከቅዳሴ እስኪመለሱ ድረስ ትኩሱን ይጠብቃል። ሲመለሱ ክዳኑን ማንሣት፥ የተቀቀለውንና የተላጠውን ዕንቍላል ማስገባት፥ መከለሻውን መነስነስ ብቻ ነው። መከለሻ ሰባት ሰዓት ቢበስል መዓዛው ይጠፋል፤ ስለዚህ በፊት አይግባ።

የፈረንጅ ዶሮ በዚህ አኳኋን አይሠራም። ገና ልጅ ሳለ የታረደና ሥጋው የላላ ስለሆነ ሰባት ሰዓት ሲቈይ አጥንቱን ጥሎ ይበታተናል፤ አሥራ ሁለቱን ብልት ለየባለ ድርሻው ማውጣትም አይቻልም። እርሱን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በፍስኩ ድስት ላይ 40 ደቂቃ ያህል አብስሎ፥ አቀዝቅዞ በማቀዝቀዣ ማሳደርና ሌሊት ከመጡ በኋላ እስኪንተከተክ ማሞቅ ነው። ማሰሮው በዚያ ሌሊት ለበሬ ወይም ለበግ ቀይ ወጥ ይሁን፤ የጭንና የክንድ ሥጋ ረጅሙን ሌሊት በደስታ ይታገሣል።

ያን ሌሊት ቅቤ የነካው ብረት ድስት ችግር የለበትም፤ እስከ በዓለ ሃምሳ ፍጻሜ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾሙ ሰባት ሳምንት ሙሉ በፍስክ ሊሠራበት ይችላል። አንድ ድስት ብቻ ያለው ቤት ግን ከጰራቅሊጦስ በኋላ ያለው ሰኞ የሐዋርያት ጾም መግቢያ መሆኑን አስቦ፥ በዋዜማው እሑድ ከሰዓት በኋላ ድስቱን በፈላ ውሃና በሳሙና አጥቦ፥ በሻካራ ጨው አሽቶ፥ በኑግ ዘይት እንደ አዲስ ያሟሸው። ምድጃው ከጋለ አይቀር ድፎውም በዚያው እሳት ሊጋገር ይችላል።